የሰባተኛዋ ዓርማ ጀርባ

ልጅቷ ትንሿን የደረት ዓርማ ባንኮኒው ላይ ስታስቀምጥ፣ ፈትለወርቅ ቀና ሳትል ቅጽ አወጣችና ቁጥር ያለበት ቢጫ ወረቀት አሰረችባት።

«የት ወድቃ አገኘሻት?»

«አልወደቀችም። ከሰሌዳ ላይ ነቅዬ ነው።»

«ከየትኛው ሰሌዳ? ከበረራ ማስታወቂያው?»

«ኖን፣ ኖን... ከአባዬ ሰሌዳ። ጄኔቭ።»

ፈትለወርቅ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በዙሪኩ ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ የጠፉ ዕቃዎች ክፍል መሥራት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሰው ያገኘውን ለማስረከብ ወይም የጠፋበትን ለመጠየቅ ይመጣል፤ ከገዛ አባቱ ቤት ዕቃ ነቅሎ የመጣ ግን አልገጠማትም። ቀና ብላ የልጅቷን ጥቁር ልብስ ያየችው ገና ያን ጊዜ ነው።

«የጋሽ ኅሩይ ልጅ ናኒ ነሽ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ደግሞ መዝግቤ መደርደሪያ ላይ ላስቀምጥልሽ ነበር።»

«ዴዞሌ፣ እትዬ ፈትለወርቅ። ደውዬ መምጣት ነበረብኝ።»

«ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። ለቀብሩ አልመጣሁም።»

ተረኛ እንደነበረች አልተናገረችም። ተረኛ መሆን ምክንያት እንጂ ይቅርታ እንዳልሆነ ታውቃለች።

ፈትለወርቅ ከአገር ከመውጣቷ በፊት በአዲስ አበባ ፖሊስ ለአሥራ አራት ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች። ይህን በዙሪክና በጄኔቭ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል፤ «አሁን ደግሞ ሻንጣ ትመረምራለች» ብሎ የሚቀልድባትም አለ። አቶ ኅሩይ ግን ቀልደውባት አያውቁም። አርባ ዓመት በስደት የኖሩ፣ በጄኔቭ ሻትሌን በሚባለው ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው በአቃቂ የክር ፋብሪካ ሠርተው ለአሥር ዓመት አገልግሎት የተሰጣቸውን ዓርማ ሲሰደዱ ጥለውት መጡ። ጡረታ ከወጡ በኋላ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስዊዝ ፋብሪካዎች ለሠራተኞቻቸው የሰጧቸውን ዓርማዎች ከአሮጌ ዕቃ ገበያ እየለቀሙ፣ እያንዳንዷ የማን ደረት ላይ እንደነበረች ያጣሩ ነበር።

«ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ነው የሞተው» አለች ናኒ። «ዓርብ ጠዋት ዲያቆን ፊሊጶስ አገኘው። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። መሣሪያም ነበረው ልቡ ላይ።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልሽ?»

ናኒ ስልኳን አወጣች። ከአባቷ የመጣው የመጨረሻ መልእክት በዚያው ሐሙስ ጠዋት የተጻፈ ነበር። ፈትለወርቅ አነበበችው፦

«ናኒዬ፣ ቅዳሜ አብረን ዙሪክ እንሂድ? ቁጥር ሰባትን ለፈትለወርቅ ላሳያት። አንድን ሰው ሳላሳፍር እውነቱን እንዴት እንደምናገር እሷ ትመክረኛለች።»

«አልመለስኩለትም» አለች ናኒ። «ዩኒቨርሲቲ ትቼ ዳቦ ቤት ስለገባሁ ተጣልተን ነበር። ሁለት ሳምንት አልሄድኩም። ከዚያ በዚያው ሐሙስ 17:26 ላይ ደወለ። እኔ...» አውራ ጣቷን አየችው። «ቀዩን ተጫንኩት።»

ፈትለወርቅ ስልኩን መለሰችላት።

«እየሞተ ከሆነ የደወለልኝ ማወቅ አለብኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ሆስፒታል ሳየው ደግሞ የሁለቱም እግሩ አውራ ጣት ላይ ክብ መስመር ነበረ። የካልሲ ነው አሉኝ። ካልሲ አውራ ጣት ብቻ ያጠብቃል?»

ፈትለወርቅ ዓርማዋን ገለበጠቻት። ከፊቷ የብር መልክ ያላት፣ መሐሏ ላይ 7 ቁጥር የተቀረጸባት ነበረች። ከጀርባዋ ሁለት ቀጫጭን መርፌዎች ወጥተው ጫፋቸው ላይ የቢራቢሮ ክንፍ የመሰለ መያዣ ገብቶባቸዋል።

«ዕቃ ፊቱን ለሰው ያሳምራል» አለች፤ «የት እንደነበረ የሚናገረው ጀርባው ነው። ነገ ጄኔቭ እመጣለሁ።»

*

የአቶ ኅሩይ ሳሎን ግድግዳ ላይ አርባ ሦስት ዓርማዎች በአረንጓዴ ወፍራም ጨርቅ በተለበጠ ሰሌዳ ተደርድረው ነበር። ባዶ የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ፈትለወርቅ መነጽሯን አድርጋ ቀረበች።

«ስትነቅያት ጨርቁን ቀድደሽዋል?»

«አይ። ቀስ ብዬ ነው ያወጣኋት።»

በባዶው ቦታ ሦስት ቀዳዳዎች ነበሩ። አንዱ ምስር የሚያስገባ፣ ጠርዙ በብዙ መነካት የተላገ ነው። ሁለቱ ግን የመርፌ ጫፍ ያህል፣ ገና ትኩስ ናቸው። ፈትለወርቅ ምንም ሳትል የሟቹን ደብተር ከጠረጴዛው አነሳች። አቶ ኅሩይ የእያንዳንዷን ዓርማ ታሪክ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ይመዘግቡ ነበር።

«ቁጥር 7። የላንገንሪድ ፋብሪካ፣ 1943። ብር፤ ከጀርባዋ አንድ ወፍራም ብሎን። አሥር ብቻ ነው የተሠሩት። ሰባተኛዋ ለኤልሳ ኖይኮም የተሰጠች ናት። ከፕላንፓሌ ገበያ፣ ከአሮጌ አዝራሮች መሐል አገኘኋት። በፋብሪካው የሠራተኛ መዝገብ አረጋግጫለሁ።»

«አንድ ብሎን» አለች ናኒ በፈትለወርቅ ትከሻ በኩል እያነበበች። «እኔ ያመጣኋት ሁለት መርፌ ናት።»

«አዎ።»

«ሰው ገብቶ ለውጧታል ማለት ነው?»

«ሰው ገብቷል። ከለወጣት በላይ ያደረገው ነገር ግን ያሳስበኛል።»

ዲያቆን ፊሊጶስ የሚኖረው በዚያው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ትራም የሚያጸዳ፣ እሑድ እሑድ የሚቀድስ ሰው ነው። ከአቶ ኅሩይ ጋር ዓርብ ጠዋት በእግር ይሄዱ ስለነበር ቁልፍ ነበረው። ተጠርቶ ሲገባ ለናኒ አንገቱን ደፍቶ ሰላምታ ሰጠ፤ ዓይኗን ግን አላየም።

«በሩ ተቆልፎ ነበር?» አለች ፈትለወርቅ።

«ተዘግቶ ነበር እንጂ አልተቆለፈም።»

«የት ነበሩ?»

«እዚህ ሶፋ ላይ። ተጋድመው።»

«ስልካቸውስ?»

«በሩ አጠገብ፣ የጫማ መደርደሪያው ላይ። በዚያ ነው ለአምቡላንስ የደወልኩት፤ የአባቷ ስልክ ኮድ የለውም። አጠገቡም ያ ከምላስ ሥር የሚረጩት መድኃኒት ነበረ።»

«ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚያስቀምጡት?»

«ኧረ ከጃኬት ኪሳቸው አይለይም! ጃኬቱ እዚያው በሩ ጋ ይሰቀላል።»

ፈትለወርቅ ከሶፋው እስከ በሩ በእርምጃ ለካች። አምስት እርምጃ ነው። ተመልሳ ተቀመጠችና እንደ ዋዛ፣ «ዲያቆን፣ እግራቸውን ያሰርከው አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ አላሰርኩም!»

«መታሰሩን ግን ታውቃለህ። የማያውቅ ሰው "የምን ማሰር?" ይል ነበር።»

ፊሊጶስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ናኒ ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» አለ። «ስገባ ዓይናቸው ተከድኗል፣ አገጫቸው ተደግፏል፣ እጃቸው ጎንና ጎናቸው ተዘርግቷል። ሁለቱ አውራ ጣቶቻቸው አንድ ላይ ታስረዋል። የእኛ ሰው እንደገነዛቸው ወዲያው ገባኝ። ፖሊስ የታሰረ እግር ቢያይ ምን ይላል? ሐበሻ፣ ዲያቆን፣ ቁልፍ የያዘ... እኔ ነኛ! ፔርሚዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በነሐሴ ነው የሚታደሰው። ፈራሁ። ክሩን ቆረጥኩት።»

«ከዚያስ ጣልከው?»

«እንዴት አድርጌ እጥለዋለሁ?» ከቦርሳው ዳዊቱን አወጣና ከገጾቹ መሐል ጥቁር ክር ሳበ። «የተባረከ ነገር ነው።»

ፈትለወርቅ ክሩን መዳፏ ላይ ዘረጋችው። ጥንድ ሆኖ የተፈተለ፣ በላብ የጠነከረ፣ መካከሉ ላይ የመስቀል ቀለበት እያሸ ያሳሳው ነበር።

«ማዕተብ ነው» አለች። «የአንተ?»

ፊሊጶስ ኮሌታውን ገለጥ አደረገ። የራሱ አንገቱ ላይ ነበር። «የአባቷም አብሯቸው ተቀብሯል። በእጄ ነው ያስተካከልኩት።»

«ስታገኛቸው ሰውነታቸው እንዴት ነበር?»

«እንደ እንጨት ደርቋል።»

«እንግዲያው ያቃናቸው ሰው ከቀዘቀዙ በኋላ አልነበረም የመጣው። ገና ሙቀት እያላቸው ነው።» ይህን ያለችው ለራሷ ነበር፤ ናኒ ግን ሰማች።

ፈትለወርቅ ስትወጣ ናኒ ያልተከፈተ ፖስታ ሰጠቻት። ከሆስፒታል የመጣ፣ የልብ መሣሪያው የመዘገበው ውጤት ነው።

«ሦስት ቀን ሆነኝ» አለች። «የሞተበት ሰዓት አለበት። እኔ መክፈት አልቻልኩም። ነገ የአባዬ ወዳጅ ዐውደ ርዕይ ላይ ስንገናኝ እርስዎ ይክፈቱት። እኔ ቆሜ ልስማ።»

*

ቅዳሜ በዙሪክ አጠገብ ባለችው ኦፕፊኮን ሙቀቱ ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ደርሶ ነበር። የአሮጌ ፋብሪካ አዳራሽ በነበረው ክፍል ውስጥ የጦርነት ጊዜ የሠራተኛ ዓርማዎች ዐውደ ርዕይ የተከፈተው በዚያን ቀን ነው። ያዘጋጁት አቶ በእምነት ናቸው፤ ስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ የአቶ ኅሩይ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ፣ ስለ ላንገንሪድ ዓርማዎች መጽሐፍ የጻፉ፣ በዚህም በሰብሳቢዎች ዘንድ ስማቸው የሚነሣ ሰው። ሌላው ሁሉ ክንዱን ገልጦ ሲያናፍስ እሳቸው ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ መጨረሻው ቁልፍ ዘግተው ነበር።

«ሻንጣ መርማሪዋ!» አሉ ፈትለወርቅን አቅፈው። «ዛሬ ማን ምን ጠፍቶበት መጣሽ?»

«ያገኘሁትን ላስረክብ ነው፣ ጋሽ በእምነት።»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። «ኅሩይ ቢኖር እዚህ መሐል ነበር የሚቆመው።»

«ቀብሩ ላይ አልነበሩም አሉኝ።»

«ጉልበቴ... ባቡር አልችልም። ከፋሲካ ወዲህ ጄኔቭን አልረገጥኩም። አንቺስ?»

«እኔም አልሄድኩም» አለች ፈትለወርቅ፤ ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ማስመሰል አልነበረም። «ያስጨንቀኛል።»

በእምነት ለአፍታ ዓይኗን አዩና መጽሐፋቸውን ከጠረጴዛ አንሥተው ሰጧት። ሽፋኑ ጀርባ ላይ ፎቶግራፋቸው አለ፤ ኮሌታቸው ክፍት ነው፣ አንገታቸው ላይ ጥቁር ማዕተብ ይታያል። እሷ ገጾቹን እያገላበጠች ከአንዱ የመስተዋት ሳጥን ወደ ሌላው ሄደች። በየሳጥኑ ሥር መስታወት ተነጥፎ ነበር።

«ይኼ ግሩም ነው» አለች። «ጀርባቸውም ይታያል።»

«የእኔ ሐሳብ ነው! ሕዝቡ ፊቱን ያያል፤ ሰብሳቢ ጀርባውን ነው የሚያየው።»

መካከለኛው ሳጥን ውስጥ ቁጥር ሰባት ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ፈትለወርቅ ጎንበስ ብላ መስታወቱን አየች። ከዚያ መጽሐፉን ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ገልጣ ቆየች።

«ጎብኚዎቹ ከወጡ በኋላ ጥቂት እንቆይ» አለች። «ናኒም ትመጣለች። ዲያቆንም።»

«ለምን?»

«ናኒ የጠፋባት ነገር አለ።»

*

ጎብኚዎች ወጥተው አዳራሹ ጸጥ ሲል አራቱ በቁጥር ሰባት ዙሪያ ቆሙ። ናኒ ፖስታውን እያየች፣ ፊሊጶስ መሬት መሬት እያየ፣ በእምነት የሳጥኑን ቁልፍ በእጃቸው እያገላበጡ።

ፈትለወርቅ ድምፅዋን አላነሣችም።

«ጋሽ ኅሩይ በልብ ሕመም ነው የሞቱት። ማንም አልመታቸውም፣ ማንም አላነቃቸውም። ብቻቸውን ግን አልነበሩም። ይህን የነገረኝ እግራቸው ነው። ሬሳ ከደረቀ እጁ አይዘረጋም፣ ዓይኑም እሺ አይልም። ያቃናቸው ሰው ሲሞቱ አጠገባቸው ነበር። ፈረንጅ እንዲህ አያደርግም፤ ሌባም አያደርግም። ያሳደገን ወግ እጁን ያዘዘው የእኛ ሰው ነው። ሸሽቶ መሄድ ሲችል ወዳጁን እንዲሁ ጥሎ መሄድ አልቻለም።»

«እኔ...» አለ ፊሊጶስ።

«አንተ ከፍርሃት የተነሣ ክር ቆረጥክ። ያን ለፖሊስ ራስህ ትነግራለህ። ክሩ ግን የአንተ አይደለም።» ጥቁሩን ማዕተብ ሳጥኑ ላይ አኖረችው። «ሁለተኛ፣ ሰውየው የመጣው ለዚህች ነው።» ቢጫ ወረቀት የታሰረባትን ዓርማ ከማዕተቡ አጠገብ አስቀመጠች። «ናኒ ይህችን ከአባቷ ሰሌዳ ላይ ነው የነቀለችው። ሁለት መርፌ አላት። የጋሽ ኅሩይ ደብተር ግን አንድ ብሎን ይላል፤ ሰሌዳውም ላይ የብሎኑ ቀዳዳ አለ። ላንገንሪድ በዚያ ዘመን በብሎን እንጂ በቢራቢሮ መያዣ አልሠራም። ይህን ያወቅሁት ከእርስዎ መጽሐፍ ነው፣ ጋሽ በእምነት፤ ገጽ አሥራ ሁለት።»

በእምነት ቁልፉን ማገላበጥ ተዉ።

«ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ደግሞ የእርስዎ ቁጥር ሰባት ፎቶ አለ። ከጀርባዋ ሁለት መርፌ። መጽሐፉ የታተመው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አሁን መስታወቱን እዩት።»

ናኒ ጎንበስ አለች። «አንድ ብሎን» አለች በሹክሹክታ። «የአባዬ ናት።»

«ሰብሳቢ ጀርባውን ነው የሚያየው ብለውኛል። እውነተኛዋ በእጅዎ ስለገባች ጀርባዋን ለማሳየት አልፈሩም። የፈሩት አንገትዎን ማሳየት ነው።»

በእምነት የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ። አንገታቸው ባዶ ነበር፤ ለዓመታት ክር የነበረበት ቦታ ላይ ነጣ ያለ መስመር ብቻ ቀርቷል።

«ቤቱ ውስጥ ክር ፈለግሁ» አሉ። «አላገኘሁም። ደግሞስ... ከዚያ በኋላ እኔ ምን ብዬ ማዕተብ አንገቴ ላይ አስሬ ልሂድ?»

«መድኃኒቱስ?» አለች ፈትለወርቅ። «ከጃኬቱ ኪስ የወጣ መድኃኒት በሩ ጋ ቀርቷል። አምስት እርምጃ ነው።»

«ሐሙስ ደውሎ ዐውደ ርዕዩ ሳይከፈት ና አለኝ» አሉ በእምነት፤ የሚናገሩት ለናኒ ነበር። «እውነተኛዋን አሳየኝ። "አንተ ራስህ አርመው፣ እኔ አልናገርም" አለኝ። ያንን ስድብ አድርጌ ወሰድኩት። የእኔዋ ሐሰት መሆኗን ካወቅሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። ሳልፈትሽ ጻፍኩ፤ ሳውቅ ዝም አልኩ። ጮህኩበት። ደረቱን ያዘ። "ጃኬቴን" አለኝ። ሄድኩ፣ መድኃኒቱን አወጣሁ። እዚያ ቆሜ... አሁን ዝም ቢል ማንም አያውቅም የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አንድ ደቂቃ ይሁን ሁለት አላውቅም። ስዞር ዓይኑ እኔ ላይ ነበር፤ ግን አያይም።»

ፊሊጶስ አማተበ።

ናኒ አላለቀሰችም። «ፖስታውን» አለች።

ፈትለወርቅ ቀደደችው፤ የፈረንሳይኛውን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች ቁጥሩ ጋ ደረሰች። «የመጨረሻው የልብ ምት፣ ሐሙስ 16:12።»

«እኔ ጋ የተደወለው 17:26 ነው።»

«አዎ። የደወሉት አባትሽ አልነበሩም። ስልኩም ሶፋው ጋ ሳይሆን በሩ ጋ ነው የተገኘው።»

ናኒ ቀስ ብላ ወደ በእምነት ዞረች። በልጅነቷ ቸኮሌት ይዘውላት የሚመጡ፣ «ጋሼ» የምትላቸው ሰው ናቸው።

«እርስዎ ነዎት የደወሉት?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ሊሉኝ?»

«ነይ ልልሽ። አባትሽ ብቻውን እንዳያድር።»

«ባነሣው ኖሮ ይነግሩኝ ነበር?»

«አላውቅም፣ ልጄ» አሉ። «እነግራት ነበር እያልኩ ዘጠኝ ቀን ራሴን ሳጽናና ቆየሁ። አሁን ስትጠይቂኝ ግን አላውቅም። ስትዘጊው እፎይ ብያለሁ።»

ናኒ ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ግን ሕያው መስሎኝ ነው የዘጋሁበት» አለች።

በእምነት ሳጥኑን ከፍተው ዓርማዋን ለናኒ ሊሰጧት ዘረጉ። እሷ አልተቀበለችም። «እዚያው ትሁን» አለች። «የሳጥኑን መግለጫ ወረቀት ብቻ ይለውጡት።»

በእምነት ወረቀቱን በዚያው ቆመው በእጃቸው ጻፉት፦ «ቁጥር 7፣ 1943። ለኤልሳ ኖይኮም የተሰጠች። ያገኛትና የለያት ኅሩይ።» ከዚያ ማዕተቡን አዩት፤ አልነኩትም። ፊሊጶስ አንሥቶ መልሶ ዳዊቱ ውስጥ ከተተው።

ሰኞ ጠዋት በእምነት በባቡር ጄኔቭ ሄደው ለፖሊስ ቃላቸውን ሰጡ፤ ፊሊጶስም የቆረጠውን ክር አስረከበ። ፈትለወርቅ ሐሰተኛዋን ዓርማ ከነቢጫ ወረቀቷ ለመርማሪው ሰጥታ ለከሰዓቱ ተራዋ ወደ ክሎተን ተመለሰች። ናኒ ከፖሊስ ጣቢያው ወጥታ ለአባቷ የሐሙስ መልእክት መልስ ጻፈች፤ «እሺ፣ እንሂድ» የሚል ነበር። ከዚያ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደች።